የፋብሪካ እሳት ስለ ምን ይበዛል፥ ስለ ምንስ ያንሳል

ለገጠር ትምህርት ቤቶች የተዘጋጀ ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ስለ እሳት ነው። እሳት ማለቴም በየቤታችን ከጉልቻ ሥር የሚነደውን ብቻ አይደለም፤ ብረት የሚያቀልጠውን፥ ሲሚንቶ የሚያበስለውን፥ የስኳር አገዳ ጭማቂ የሚያፈላውን፥ የጥጥ መፍተያ መኪና የሚያዞረውን ኃይል ሁሉ ነው። ይህም ኃይል ከእንጨት ቢገኝ፥ ከድንጋይ ከሰል ቢገኝ፥ ከነዳጅ ዘይት ቢገኝ ወይም ከወንዝ ወርዶ ኤሌክትሪክ ቢሆን፥ ፋብሪካ ያለ እርሱ አንድ ቀን ስንኳ አይውልም። በዛሬው ዘመን የዓለም ሰዎች በጠቅላላው ከሚፈጁት ኃይል ከሦስት አንዱን እጅ የሚበልጠው የሚጠፋው በፋብሪካ ሥራ ነው።

«ይህ ነገር ለገበሬ ልጅ ምን ያደርግለታል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ሩቅ አይደለም። ገበሬ ምስማር ይገዛል፥ ቆርቆሮ ይገዛል፥ ማረሻ ይገዛል፥ ማዳበሪያም ይገዛል። በእነዚህ ሁሉ ዋጋ ውስጥ እሳት አለ። ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ የሚሠራው በተፈጥሮ ጋዝ ወይም በድንጋይ ከሰል ነው። በ2021 እና በ2022 የጋዝ ዋጋ በአውሮፓ እጅግ በናረ ጊዜ በዚያ ያሉ ብዙ የማዳበሪያ ፋብሪካዎች ሥራቸውን ቀነሱ፤ የማዳበሪያም ዋጋ በዓለም ገበያ ወጣ። ማዳበሪያዋን ከባሕር ማዶ የምታስመጣ አገራችንም ከዚህ ዋጋ አላመለጠችም። እንግዲህ በሩቅ አገር እቶን ውስጥ የሚነደው እሳት ሙቀቱ እስከ እርሻችን ድንበር ድረስ እንደሚደርስ ከዚህ ማየት ይቻላል።

ሁለተኛም ምክንያት አለ። ዛሬ በዚህ ትምህርት ቤት የተቀመጡት ልጆች ነገ የፋብሪካ ሠራተኛ፥ መዝገብ ያዥ፥ መሐንዲስ፥ ሹምም ይሆናሉ። ያን ጊዜ «ኃይል ጨመረ»፥ «ኃይል ቀነሰ» የሚል ቍጥር በፊታቸው ይቀርባል። ቍጥርን ማንበብ የሚችል ብዙ ነው፤ ቍጥርን መጠየቅ የሚችል ግን ጥቂት ነው። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ቍጥርን እንዴት መጠየቅ እንደሚገባ ለማሳየት ነው። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ሦስቱ ጥያቄዎች

ነገሩን ከቤታችን እንጀምረው። አንድ ባለጠጋ ገበሬ አምና የመጀመሪያ ልጁን ሲድር ለድግሱ ሃያ ሸክም እንጨት ፈጀ እንበል። ዘንድሮ ሁለተኛውን ልጁን ሲድር የፈጀው አሥራ አራት ሸክም ብቻ ነው። ጎረቤቱም ይህን ሰምቶ «የዘንድሮዋ ወጥ ቤት እንዴት ያለች ብልኅ ናት!» ቢል፥ ፍርዱ ትክክል ነውን? ገና አልታወቀም።

ምናልባት ዘንድሮ የተጠራው ዕድምተኛ ከአምናው ያነሰ ይሆናል። እንዲህ እንደ ሆነ እንጨቱ ያነሰው ድግሱ ስላነሰ ነው እንጂ ስለ ብልኅነት አይደለም። ምናልባትም ባለቤቱ አምና ጠላውንና አረቄውን በቤቱ አስጠምቆ፥ ዘንድሮ ግን ከሌላ መንደር ገዝቶ ይሆናል። እንዲህ እንደ ሆነ እንጨቱ አልቀረም፤ በእርሱ ጓሮ መንደዱ ቀርቶ በጠማቂዋ ጓሮ ነደደ። ወይም ደግሞ በእውነት ወጥ ቤቷ ብልኅ ሆና፥ እንጨቱን አስቀድማ አድርቃ፥ ምድጃውን በጭቃ ከልላ፥ ድስቱን ከድና፥ በጥቂት እንጨት ብዙ ሥራ ሠርታ ይሆናል። ምስጋና የሚገባት በዚህ በሦስተኛው ነገር ብቻ ነው።

ስለዚህ የድግስ ቤት እንጨት በዛ ወይም አነሰ ሲባል ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ይገባል። ምን ያህል ተሠራ? ምን ዓይነት ነገር ተሠራ? እንዴት ባለ ጥበብ ተሠራ? የአንድ ፋብሪካም ሆነ የአንድ አገር የኃይል ፍጆታ የሚበዛውና የሚያንሰው በእነዚሁ በሦስቱ፥ ይኸውም በሥራው ብዛት፥ በሥራው ዓይነትና በሥራው ጥበብ ነው። የዓለም የኃይል ሒሳብ አዋቂዎችም የአገሮችን ፍጆታ ሲመረምሩ የሚከፋፍሉት በእነዚህ በሦስቱ ነው። ከሦስቱም ኋላ ቆሞ የሚገፋ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ዋጋ ነው።

በመጽሐፈ ዳንኤል እንደምናነበው ንጉሥ ናቡከደነፆር በሠለስቱ ደቂቅ ላይ በተቈጣ ጊዜ እቶኑን ከወትሮው ሰባት እጥፍ አድርገው እንዲያነዱት አዘዘ። ለንጉሥ ቍጣ የማገዶ ሒሳብ የሚጠይቅ አልነበረም። የፋብሪካ ባለቤት ግን እንደዚህ ሊያደርግ አይችልም፤ የእቶኑን ማገዶ በገንዘቡ ይገዛልና። ማገዶ ሲረክስ ያባክናል፥ ሲወደድ ይቈጥባል፥ መቈጠብ ሲያቅተውም ሥራውን ይዘጋል ወይም ማገዶ ወደ ረከሰበት አገር ይሄዳል። ይህም በእውነት የሆነ መሆኑን በታሪክ እንመልከት።

የእንግሊዝ አገር ከሰል

በድንጋይ ከሰልና በእንፋሎት መኪና የሚሠራ የፋብሪካ ሥራ አስቀድሞ የሰፋው በእንግሊዝ አገር ስለ ሆነ ከዚያ እንጀምር።

በቀድሞ ዘመን የእንግሊዝ ብረት አቅላጮች እንደ አገራችን ባለ እጆች ብረቱን የሚያወጡት በእንጨት ከሰል ነበር። ዛፍ እስኪያድግ ብዙ ዓመት ይፈልጋል፤ እቶን ግን በየቀኑ ይበላል። ስለዚህ በማቅለጫዎቹ አካባቢ እንጨት እየተወደደ ሄደ። የድንጋይ ከሰል በምድራቸው ውስጥ ሞልቶ ሳለ ለብረት ማቅለጫ አይሆንም ነበር፤ በውስጡ ያለው ድኝ ብረቱን ያበላሸዋልና። በ1709 አብርሃም ዳርቢ የተባለ ሰው ኮልብሩክዴል በሚባል ስፍራ፥ የድንጋይ ከሰሉ አስቀድሞ አየር እንደ ልብ በማይገባበት ነድዶ ጢሱና ድኙ ሲወጣለት በሚቀረው፥ ኮክ በሚባለው ማገዶ ብረት አቀለጠ። ይህ ጥበብ እየተስፋፋ በሄደ ጊዜ የብረት ሥራ ከዛፍ ዕድገት ጋር የታሰረበት ገመድ ተፈታ።

ዳሩ ግን የከሰሉ ጕድጓድ እየጠለቀ በሄደ ቍጥር ውሃ ይሞላው ጀመር። በ1712 ቶማስ ኒውኮመን የእንፋሎት መኪና ሠርቶ ውሃውን ከጕድጓዱ አስወጣ። ይህ መኪና እጅግ በላተኛ ነበረ፤ በውስጡ ከሚነደው ከሰል ኃይል ወደ ሥራ የሚለወጠው ከመቶ አንድ እጅ ያህል ስንኳ አይሞላም፥ የቀረው በከንቱ ይበተናል። ነገር ግን በጕድጓዱ አፍ ላይ ከሰል ርካሽ ስለ ሆነ ብክነቱን ከቁም ነገር የቈጠረው ሰው ጥቂት ነበር።

ከዚህ በኋላ ጄምስ ዋት የተባለው የስኮትላንድ ሰው የብክነቱን ምክንያት መረመረ። የኒውኮመን መኪና እንፋሎቱን የሚያበርደው በዚያው በሚሠራበት ሲሊንደር ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ እየረጨ ነው። ስለዚህ ሲሊንደሩ በየጊዜው ይበርድና እንደ ገና መጋል ያስፈልገዋል። ይህ ማለት አንድ እንጀራ በጋገሩ ቍጥር ምጣዱን በውሃ አቀዝቅዞ እንደ ገና እንደ ማጋል ያለ ነገር ነው። ዋትም እንፋሎቱ ለብቻው በተለየ ዕቃ ውስጥ እንዲበርድ አደረገ፤ ለዚህም ሥራው በ1769 የፈጠራ መብት ተሰጠው። መኪናው ለአንድ ዓይነት ሥራ የሚፈጀው ከሰል ከተራው የኒውኮመን መኪና ከግማሽ በታች ሆነ።

ዋትና ሸሪኩ ማቲው ቦልተን ዋጋ የጠየቁበት መንገድ ሊታወስ የሚገባው ነው። ገዢው ከኒውኮመን መኪና ጋር ሲተያይ ከሚተርፍለት ከሰል ዋጋ ሢሶውን እንዲከፍላቸው ተዋዋሉ። ሁለቱ ሰዎች የሸጡት ብረት ብቻ አይደለም፤ ቍጠባን ራሱን ሸጡ። ቍጠባንም አብልጠው የገዟቸው ኮርንዋል በሚባለው አውራጃ የመዳብና የቆርቆሮ ማዕድን የሚያወጡ ሰዎች ነበሩ፤ በዚያ አውራጃ የድንጋይ ከሰል የለምና ከሩቅ በመርከብ ሲመጣ ዋጋው ከባድ ነበር። ዋጋ የጥበብ ገፊ ነው ያልሁት ስለዚህ ነው።

ቍጠባ ፍጆታን ያበዛበት ጊዜ

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። መኪናው ከሰል ከቈጠበ የአገሩ የከሰል ፍጆታ ሊቀንስ ይገባዋል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው።

በ1828 ጄምስ ኒልሰን የተባለ ሰው ለብረት እቶን የሚነፋው አየር አስቀድሞ ቢሞቅ ማገዶ እንደሚቀንስ አሳየ። በወናፋችሁ የምትነፉት አየር ቀዝቃዛ ሲሆን ከፍሙ ሙቀት ይወስዳል፤ ሞቆ ሲገባ ግን ሙቀቱን አይሻማም። በዚህ ጥበብ የተነሣ በስኮትላንድ ለአንድ ቶን ብረት የሚፈጀው ከሰል ከቀድሞው ከሢሶ በታች ወረደ። ሆኖም ከ1830 እስከ 1863 ባለው ዘመን የስኮትላንድ የብረት ሥራ በጠቅላላው የሚፈጀው ከሰል አሥር እጥፍ ሆነ። ይህን በ1865 በመጽሐፍ ጽፎ ለሕዝብ ያስታወቀው ዊልያም ስታንሊ ጄቨንስ የተባለ የእንግሊዝ ሊቅ ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ማገዶው ሲቀንስ ብረት ረከሰ። ብረት ሲረክስ ገዢው በዛ፤ የባቡር ሐዲድ፥ መርከብ፥ ድልድይ፥ ሌላም መኪና በብረት ይሠራ ጀመር። ባቡሩና መርከቡም ራሳቸው ከሰል በሉ። በእኛም አገር ወፍጮ ወደ መንደር ሲገባ የአንድ ቍና እህል ድካም ይቀንሳል፤ የሚፈጨው እህል ግን ይበዛል እንጂ አያንስም። በ1913 ከብሪታንያ ጕድጓዶች የወጣው ከሰል 287 ሚሊዮን ቶን ደረሰ፤ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎችም እንጀራቸውን ከዚያ ያገኙ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፥ በአንድ ዕቃ ላይ የሚታይ ቍጠባና በአንድ አገር ላይ የሚታይ ቍጠባ አንድ አለመሆናቸውን ነው። ጥበቡ አደገ፤ የሥራው ብዛት ግን ከጥበቡ ይልቅ ፈጥኖ ሮጠ። ስለዚህ «እንዴት ተሠራ?» ብሎ ጠይቆ «ምን ያህል ተሠራ?» ብሎ የማይጠይቅ ሰው በግማሽ መንገድ የቀረ ነው።

ጥበብ ሲባልም የእቶን ጥበብ ብቻ አይደለም። በእንፋሎት ዘመን አንድ ትልቅ መኪና በጣራ ሥር የተዘረጋ ረጅም የብረት ዘንግ ያዞር ነበር፤ ከዘንጉም በጠፍር ቀበቶ ኃይል ወደ እያንዳንዱ የሥራ መኪና ይወርዳል። ከሃምሳ መኪናዎች አንዱ ብቻ ሥራ ቢኖረው ዘንጉና ቀበቶው በሙሉ መዞር ነበረበት። ኤሌክትሪክ በመጣ ጊዜ ግን እያንዳንዱ መኪና የራሱን ሞተር አገኘ፤ የሚሠራው ይዞራል፥ የማይሠራው ያርፋል። የኃይሉ ዓይነት ሲለወጥ የብክነቱ መጠንም እንደሚለወጥ ይህ ያስረዳል።

የጃፓን ትምህርት

አሁን ደግሞ ወደ ጃፓን እንሻገር፤ የዋጋ ኃይል እዚያ ጐልቶ ይታያልና። ጃፓን በፋብሪካ ሥራ የበለጸገች አገር ስትሆን የነዳጅ ዘይቷ ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ከውጭ የሚመጣ ነው። በ1973 በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ተነሥቶ የዓረብ አገሮች ለአንዳንድ መንግሥታት ነዳጅ አንሸጥም ባሉ ጊዜ፥ ወደ 3 ዶላር ገደማ የነበረው የአንድ በርሜል ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ።

ጃፓኖችም ይህን መከራ ትምህርት አደረጉት። በ1979 ኃይልን በአግባብ ስለ መጠቀም ሕግ አወጡ፤ ትልልቅ ፋብሪካዎች የኃይል ሒሳብ የሚቈጣጠር የሠለጠነ ሰው እንዲሾሙ በዚህ ሕግ ታዘዘ። የብረት ፋብሪካዎቻቸውም የቀለጠውን ብረት አቀዝቅዞ እንደ ገና በማጋል ፈንታ፥ ሳይቀዘቅዝ ባንድ ጊዜ ወደሚፈለገው ቅርጽ የማፍሰስን ሥራ አስፋፉ፤ ከእቶን የሚወጣውንም ትኩስ ጋዝ ወደ ሰማይ በመልቀቅ ፈንታ መልሰው ለሥራ አዋሉት። ይህ ሦስተኛው ነገር፥ ጥበብ ነው።

ነገር ግን ጥበብ ያልደረሰበትም ሥራ ነበር፤ እርሱም አሉሚኒየም ማቅለጥ ነው። አንድ ቶን አሉሚኒየም ለማውጣት ከ13,000 እስከ 15,000 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚደርስ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ጃፓን ኤሌክትሪኳን በውድ ነዳጅ እያመነጨች ይህን ልትችል አልቻለችም። ስለዚህ ማቅለጫዎቿ እየተዘጉ ሄዱ፤ የራሱ የውሃ ኃይል ስለ ነበረው የቈየው የመጨረሻው፥ በካምባራ የነበረው ማቅለጫ ደግሞ በ2014 ተዘጋ። ጃፓን አሉሚኒየም መጠቀሟን አልተወችም፤ ከሌሎች አገሮች ቀልጦ የመጣውን ትገዛለች። አሮጌውንም ሰብስባ እንደ ገና ታቀልጣለች፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ኃይል ለአዲሱ ከሚያስፈልገው ከመቶ አምስት እጅ ያህል ብቻ ነውና። በአንጻሩ አይስላንድ የምትባለው ትንሽ ደሴት ወንዟና ከምድሯ የሚወጣው እንፋሎት ርካሽ ኤሌክትሪክ ስለሚሰጣት፥ ከ1969 ጀምሮ አሉሚኒየም እያቀለጠች ለዓለም ትሸጣለች። ጠላው በሌላ ጓሮ ተጠመቀ ማለት ይህ ነው።

አንድ ቀን የጠፉ ሁለት እሳቶች

ወደ ብሪታንያ እንመለስና የታሪኩን ፍጻሜ እንይ። ዛሬ የብሪታንያ ፋብሪካዎች በጠቅላላው የሚፈጁት ኃይል በ1970 ይፈጁት ከነበረው ከግማሽ በታች ነው። ሰፔቴምበር 30 ቀን 2024 በራትክሊፍ የነበረው፥ በድንጋይ ከሰል ኤሌክትሪክ ያመነጭ የነበረው የመጨረሻው የአገሩ ጣቢያ ሥራውን አቆመ። በ1882 በለንደን የመጀመሪያው ከተከፈተ 142 ዓመት ሆኖት ነበር። በዚያው ቀን ፖርት ታልቦት በምትባለው የዌልስ ከተማ የነበረው የመጨረሻው የብረት ማዕድን ማቅለጫ እቶን ጠፋ፤ በእርሱም ስፍራ አሮጌ ብረት በኤሌክትሪክ የሚያቀልጥ ምድጃ እንዲተከል ተወሰነ።

ይህን የሰማ ሰው «እንግሊዞች እንዴት ቈጠቡ!» ብሎ ሊያደንቅ ይችላል። እኛ ግን ሦስቱን ጥያቄዎች እንጠይቅ። ጥበብ በእውነት አድጓል፤ የዛሬው መኪና ከቀድሞው እጅግ ያነሰ ይበላል። የሥራው ዓይነትም ተለውጧል፤ ብዙ የብረት፥ የጨርቃ ጨርቅና የመርከብ ሥራ ተዘግቶ በምትኩ ባንክ፥ ንግድና ጽሕፈት በዝቷል። ብረቱስ? በ2020 የቻይና የብረት ምርት ከ1 ቢሊዮን ቶን አልፎ ከዓለም ምርት ከግማሽ በላይ ሆነ። እንግዲህ በአንዱ አገር መዝገብ የቀነሰው እሳት ከፊሉ በጥበብ የጠፋ ነው፥ ከፊሉ ግን በሌላ አገር መዝገብ የተጻፈ ነው።

በዚህም ላይ አንድ ነገር መርሳት አይገባም። እቶን ሲጠፋ የሚቀረው ጢስ ብቻ አይደለም፥ እንጀራም ይቀራል። በፖርት ታልቦት ብዙ ሠራተኞች ከአባቶቻቸው የወረሱትን ሥራ አጡ። ፍጆታ በጥበብ ሲቀንስ ቤት ይበለጽጋል፤ በመዘጋት ሲቀንስ ግን ቤት ይራባል። ቍጥሩ ሁለቱንም «ቀነሰ» ብሎ በአንድ ቃል ይጠራቸዋል። የሚለያቸው ጠያቂ ሰው ነው።

ይህ ለእኛ ምን ያስተምረናል

አገራችን ያለችበት ደረጃ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ሕዝባችን ከሚፈጀው ኃይል የሚበዛው ዛሬም እንጨት፥ ከሰልና ኩበት ነው፤ ፋብሪካዎቻችንም ገና ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ለኢትዮጵያ የፋብሪካ ኃይል መብዛት የሚያስፈራ ነገር አይደለም፤ ሥራ በዛ ማለት ነውና። በ2025 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የሚችል ነው። ይህ ታላቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ጎተራው የሞላለት ሰው እንዴት እንደሚበላ ካላወቀ ሙላቱ አያዛልቀውም። የኒውኮመን መኪና ያባከነው በድህነት አልነበረም፥ ከሰል በደጁ ስለ ሞላ ነው እንጂ።

ደግሞም ኤሌክትሪክ ሁሉን ሥራ ወዲያው አይተካም። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይና አፈር በእቶን ውስጥ ወደ 1,450 ዲግሪ ያህል ግሎ ነው፤ የፋብሪካዎቻችን እቶን የሚነደውም በከሰልና በነዳጅ ነው። እዚህም ላይ ጥበብ ይለያል። በቀድሞው አሠራር ድንጋዩና አፈሩ ከውሃ ጋር ተለውሶ ጭቃ ሆኖ ወደ እቶን ይገባ ነበር፤ ያን ውሃ ለማድረቅ ብቻ ብዙ ማገዶ ይጠፋል። በአዲሱ አሠራር ግን ደረቁን ዱቄት ከእቶን በሚወጣው ትኩስ ጋዝ አስቀድመው ያሞቁታል፤ ማገዶውም ወደ ግማሽ ይጠጋል። እርጥብ እንጨት ለማንደድ የታገለች እናት ይህን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልጋትም።

የስኳር ሥራም መልካም ምሳሌ ነው። በወንጂ የስኳር ፋብሪካ ሥራ የተጀመረው በ1954 ነው። የስኳር ፋብሪካ ጭማቂው ከወጣ በኋላ የቀረውን የአገዳ ገለባ አይጥለውም፤ በእርሱ እሳት እንፋሎት አፍልቶ መኪናውን ያዞራል፥ ጭማቂውንም ያፈላል። ማገዶው ከሥራው ራሱ ይወጣል።

ሌላው ትምህርት ከምጣድ የሚገኝ ነው። ምጣድ ለማጋል የሚጠፋው እንጨት ሦስት እንጀራ ቢጋገር ወይም ሠላሳ ቢጋገር ያው ነው። ስለዚህ ሦስት ለጋገረ አንዱ እንጀራ እጅግ ውድ ነው። እቶንም እንዲሁ ነው። ጥሬ ዕቃ ስላጣ በግማሽ ጉልበት የሚሠራ ወይም ኤሌክትሪክ እየተቋረጠበት የሚቆምና የሚነሣ ፋብሪካ፥ ምርቱ አንሶ ሳለ ለእያንዳንዱ ኩንታል የሚፈጀው ኃይል ይበዛል። እንግዲህ ፋብሪካ እንዳይቋረጥ መጠበቅ፥ መንገድን ማደስ፥ ጥሬ ዕቃን በጊዜው ማድረስ ራሱ ኃይልን መቈጠብ ነው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። እንፋሎት የሚያፈስ ቧንቧ፥ ቅባት ያጣ ሞተር፥ መዝጊያው የማይገጥም ምድጃ፥ ይህ ሁሉ በጊዜው ቢታይ በቅጠል የሚጠፋ እሳት ነው። ይህን ለማየት የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ ሳይሆን የሚያይ ዓይንና የሚጽፍ እጅ ነው።

ለተማሪዎች የተሰጠ ሥራ

መምህራን ሆይ፥ ይህ ንግግር ተሰምቶ ብቻ እንዳይቀር ተማሪዎች አንድ ሥራ እንዲሠሩ እለምናችኋለሁ። እያንዳንዱ ተማሪ በቤቱ አንድ ሳምንት ሙሉ ለእንጀራ መጋገሪያ የጠፋውን እንጨት ይመዝን፥ የተጋገረውንም እንጀራ ይቍጠር። 40 ኪሎ እንጨት ጠፍቶ 80 እንጀራ ተጋግሮ እንደ ሆነ፥ ለአንድ እንጀራ የደረሰው ግማሽ ኪሎ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት እንጨቱ ቀድሞ ይድረቅ፥ ምድጃው በጭቃ ይከለል፥ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት በመጋገር ፈንታ ባንድ ቀን ብዙ ይጋገር፤ ከዚያም እንደ ገና ይመዘንና ይካፈል። ቍጥሩ ቢቀንስ ተማሪው ስለ ምን እንደ ቀነሰ ይጻፍ። የተጋገረው አንሶ ነውን? እንጀራ ከጎረቤት ተበድረው ነውን? ወይስ በእውነት ጥበብ ጨምሮ ነው?

በጃፓን በሕግ የተሾመው የፋብሪካ የኃይል ሒሳብ ተቈጣጣሪም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ የሚለየው በሚዛኑ ትልቅነት ብቻ ነው። በዚህ ሥራ የምትረዳ እናትም የሥራው መምህር እርሷ እንደ ሆነች ትወቅ፤ ምጣዱ የሚግልበትን፥ እንጨቱ የሚባክንበትን ሰዓት ከእርሷ አብልጦ የሚያውቅ የለምና፥ ተማሪው እርሷን ይጠይቅ።

ልጆቼ፥ በምታድጉበት ዘመን ብዙ ፋብሪካ ይተከላል፥ ብዙም ኃይል ይፈጃል። እግዚአብሔር ለአገራችን ወንዝና ፀሐይ፥ ነፋስም አልነፈጋትም። የሚቀረው የእናንተ ድርሻ ነው። ኃይል በዛ ሲሏችሁ ፈጥናችሁ አትደንግጡ፤ አነሰ ሲሏችሁም ፈጥናችሁ አታጨብጭቡ። ምን ያህል ተሠራ፥ ምን ተሠራ፥ እንዴት ተሠራ ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በመዝገብ ጻፉት።